በትንሽ ኮሌጅ ማኔጅመንት መማርና ሥራ መያዝ እንዴት ይቻላል?

እኔ የተማርኩበት ኮሌጅ ከታች ሥጋ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሬጅስትራር ነበረው። ማታ ማታ ስለ ድርጅት አመራር ስንማር ጥብስ ይሸተናል። «ምን ትማራለህ?» ሲሉኝ «ማኔጅመንት» እላለሁ፤ «የት?» ሲሉኝ ድምፄ ዝቅ ይላል። የማፍርበት ምክንያት አልነበረም።

መጀመሪያ፣ ሳትከፍሉ ፈቃዱን እዩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም፤ ለካምፓሱም፣ ለፕሮግራሙም ነው። አንዱ ካምፓስ ለአካውንቲንግ ስለተፈቀደለት ሌላው ማኔጅመንት ያስተምራል ማለት አይደለም። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለውን ወረቀት ጠጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ቀኑንም ጭምር። የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁ የመግቢያ ነጥቡን ሳያሟላ «ችግር የለም፣ ተመዝገቡ» የሚል ካለ ውጡ። ጉዱ የሚታየው ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።

ቀጥሎ፣ መምህሩን ተጠቀሙበት። የትንሽ ኮሌጅ ትልቁ ሀብት ይኼ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ትንሽ ነው፤ የማታ መምህሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀን ቢሮ የሚውል ሰው ነው። የእኛው አንድ ማታ የስድስት ሠራተኞች ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ሥሩ አለን። ዘበኛው 10,000 ብር ደመወዝ አለው። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። እኔ ሁለቱን ደምሬ 1,800 ብር ከዘበኛው ላይ ቆረጥኩ። ለጡረታ መቆረጥ የነበረበት 700 ብቻ ነው፤ 1,100ው የድርጅቱ ወጪ ነው። መምህሩ ወረቀቴን አይቶ «ዘበኛው ነገ በር ላይ ይጠብቅሃል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

የመውጫ ፈተናውን ለመጨረሻው ሴሚስተር አታቆዩት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግልም ሆነ የመንግሥት ተማሪ 50 በመቶ ሳያመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ፈተናው የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚፈተነው ራሱ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ዓመት ሃንድአውት ለሱቅ መጠቅለያ አይሰጥም።

ጎን ለጎን ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ልመዱ። እዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሥራ ማስታወቂያዎቹን ማየት ይበቃል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሁሉም ሰው ባንክ በር ላይ ይሰለፋል። ተሰለፉ፣ ግን እሱን ብቻ አትጠብቁ። ሽያጭ፣ ግዥ፣ የሰው ኃይል፣ የአስመጪና ላኪ ቢሮዎች አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ንብረት ክፍልን አትናቁ። ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ሲሞላ፣ መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ በሞዴል 19 ደረሰኝ ዕቃ ገብቶ በሞዴል 22 ሲወጣ የሚያይ ሰው ድርጅቱ የት እንደሚከስር ከሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ያውቃል። የራሴን እከፍታለሁ ለሚል ደግሞ በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል።

«ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ እየተማራችሁ የአጎታችሁን ሱቅ ሒሳብ የምትይዙ ከሆነ፣ ሱቁም ፈቃድ ካለው፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በማኅተም አጽፉ። አጎት ነው ብላችሁ አትፈሩ። እኔ ፈርቼ ሁለት ዓመቴን ማንም ሳይቆጥርልኝ ቀረ።