አውራ ጣት የሚሰምጥበት ጫማ፦ ለክብደት ማንሳት ምን እናድርግ?

ለክብደት ማንሻ ጫማ ሊገዙ ሲወጡ ከገንዘቡ በፊት አውራ ጣትዎን ያዘጋጁ። ጫማውን ከውስጥ፣ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ አጥብቀው ይጫኑት። ጣትዎ ትኩስ ዳቦ ላይ እንደተጫነ ሰርጎ ከገባ ጫማው ለሩጫ ወይም ለመንገድ ይሆናል፤ ለብረት ግን አይሆንምና መልሰው ያስቀምጡት። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ስሙ የሚነግርዎትን ከዚያ በኋላ ቢሰሙትም ባይሰሙትም ለውጥ የለውም።

ይህን ፈተና ያወረሰኝ አባቴ ነው። መርካቶ ውስጥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ጫማ ሲሰፋ ኖሯል። በሕይወቱ ብረት አንስቶ አያውቅም፤ ግን የአንድን ሰው ጫማ ገልብጦ ሳያይ ስለ ሰውየው አስተያየት መስጠት አይወድም ነበር።

እኔ ውርሱን ለመጠቀም ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ብረት የጀመርኩት ግቢያችን ውስጥ፣ ሲሚንቶ የተሞሉ ሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎችን በውሃ ቧንቧ አያይዘን ነው። ያኔ የማደርገው ሸራ ጫማ ነበር፤ ሌላም አልነበረኝ። ሥራ ይዤ እውነተኛ ጂም ስገባ ግን እንደ ሰው አማረኝና ወፍራም ስፖንጅ ያለው የሩጫ ጫማ ገዛሁ። አንድ ቀን 90 ኪሎ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስወርድ ግራ ጫማዬ ወደ ውስጥ ዘመመ፤ ጉልበቴም ተከተለው። ብረቱን ከኋላዬ ደርሶ የያዘልኝ አጠገቤ ይሠራ የነበረ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ችግሩ ጉልበትዎ ላይ አይመስለኝም፤ ጫማዎን ከኋላ አይተውት ያውቃሉ?» አለኝ። የጫማ ሰፊ ልጅ ሆኜ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ።

በሩጫ ጫማ ስፖንጅ ላይ ቂም የለኝም። እግር መሬት በመታ ቁጥር የሚመጣውን ምት እንዲውጥ ተሠርቷል፤ ይውጣልም። ክብደት ስናነሳ ግን የምንፈልገው ወለሉን ስንገፋው ወለሉ መልሶ እንዲገፋን ነው፤ መሃል የገባ ለስላሳ ነገር ግፊቱን ይበላብናል። ደግሞ ስፖንጅ እኩል አይጨመቅም፤ ባረጀበት በኩል ይበልጥ ይሰምጣል። ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ወዛደር ፍራሽ ላይ ሲራመድ ያስቡት። ስለዚህ ሁለተኛው ፈተና ይህ ነው፦ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ ከኋላ በኩል ይመልከቱት። ተረከዙ ቀጥ ብሎ ካልቆመ እርስዎም በላዩ ቀጥ ብለው አይቆሙም። በተለይ ከሰልባጅ ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ ከጫማው ጋር የቀድሞውን ባለቤት አረማመድ አብረው ይገዛሉ።

ከሶሉ ቀጥሎ የሚመረመረው የራስዎ ቁርጭምጭሚት ነው። ጫማ አውልቀው፣ ልጅ ሳለን ብይ ስንጫወት እንደምናደርገው ቁጢጥ ይበሉ። ተረከዝዎ መሬት ሳይለቅ፣ ወደ ኋላም ሳይወድቁ መቆየት ከቻሉ እድለኛ ነዎት፤ ለስኳት ጠፍጣፋና ጠንካራ ሶል ያለው ማንኛውም ጫማ ይበቃዎታል። ኮንቨርስና መሰሎቹ ሸራ ጫማዎች በብዙ አገር ጂም ውስጥ የሚታዩት ለዚህ ነው፤ ሶላቸው ስስ ጎማ ነው፣ አይጨመቅም። ተረከዝዎ ከተነሳ ወይም ደረትዎ ጭንዎ ላይ ከተደፋ ደግሞ በግድግዳ ያረጋግጡ። የእግርዎን አውራ ጣት ጫፍ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ጉልበትዎን ወደ ፊት ይግፉ። ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበት ግድግዳውን ከነካ ቁርጭምጭሚትዎ ደህና ነው። ካልነካ ታኮ ያስፈልግዎታል።

አዎ፣ ታኮ። ጂም ውስጥ ወንዶቹ ይህን ቃል ስናገር ይስቃሉ። የክብደት አንሺዎች ጫማ ግን ዋናው ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ተረከዙ ከፊቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ የተሠራበትም ነገር ቀድሞ እንጨት ወይም የተደራረበ ቆዳ፣ አሁን በብዛት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ተረከዝ ከፍ ሲል ጉልበት ወደ ፊት ለመሄድ ቦታ ያገኛል፣ ወገብ ሳይጎብጥ ደረት ቀና ይላል። እግሩ በውስጡ እንዳይንሸራተትም ከክሩ በላይ በጠፍር ይታሰራል። ስናች (ብረቱን ከወለል በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳት) እና ክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ትከሻ ላይ፣ ከዚያ ከራስ በላይ ማንሳት) ለሚሠራ ሰው ይህ ጫማ ቅንጦት አይደለም፤ ዘሎ ብረቱ ሥር ሲገባ እግሩ የሚያርፍበት ነገር ሊከዳው አይገባም።

ጫማውን ከውጭ በዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ከእኔ ስህተት ይማሩ። ለአክስቴ ልጅ ወደ ዋሽንግተን «42 ቁጥር» ብዬ ጻፍኩ። 42 የሩጫ ጫማዬ ቁጥር ነበር፤ የሩጫ ጫማ ደግሞ ከጣት ፊት ትርፍ ቦታ እንዲኖረው ሆኖ ነው የሚገዛው። የመጣልኝ ጫማ ውስጥ እግሬ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ይንቀሳቀስ ነበር። አሁን የምመክረው፦ ማታ ላይ፣ እግር በቀን ውሎ ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቆመው ዙሪያውን ያስምሩ፤ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ይለኩና በሴንቲ ሜትር ይላኩ። የአውሮፓና የአሜሪካ ቁጥር ይለያያል፤ ሴንቲ ሜትር ግን የትም አንድ ነው። ጫማው ሳያሳምም ጥብቅ ማለት አለበት።

ዘመድም ገንዘብም ከሌለ ጫማ ሰፊ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰፈሬ ነውና። ሶሉ ጠፍጣፋና ደረቅ የሆነ፣ የተሰፋ ሸራ ጫማ ይውሰዱ። ከተረከዙ በታች ጠንካራ ጎማ ወይም የተደራረበ የሶል ቆዳ እንዲለጥፍልዎት ይጠይቁ፤ ከኋላ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ፊት እየሳሳ ሄዶ የጣቶቹ ሥር ጋ ከመድረሱ በፊት ያልቃል። «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ብቻ ብለው ከሄዱ ለሠርግ የሚሆን ጫማ ነው የሚጠብቅዎት፤ ስለዚህ በካርቶን ቆርጠው ቅርጹን ያሳዩት። ቁራጩ ከሶሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ የገባ መሆን የለበትም፤ ጠበብ ካለ እግር ወደ ጎን ይጥላል። በማስቲሽ ተለጥፎ፣ በላዩ ከባድ ነገር ተጭኖ ይደር። ምስማር እንዳያስገባ አስቀድመው ይንገሩት፤ ስኳት ላይ ሆነው የምስማር ጫፍ ተረከዝዎን ሲያገኘው ብረቱን የት እንደሚጥሉት አያውቁም። ሲረከቡ ሁለቱን ጫማዎች በማስመሪያ ይለኩ፤ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ መልሱለት፣ አይፈሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት በባዶው ብረት ብቻ ይሥሩ። እኔ እንዲህ ባለው ጫማ ለብዙ ጊዜ ስኳት ሠርቼበታለሁ። ዝላይ ላለው ስናች ግን አልመክረውም፤ ሲያርፉ የተለጠፈው ሊገነጠል ይችላል።

ተረከዛቸው ሥር ሁለት ትንንሽ የብረት ክብደቶች አስገብተው የሚሠሩም አሉ። ለሙከራ ያህል ይሁን፤ ንጣፉ ለስላሳ ከሆነ ግን ይንሸራተታሉ።

ዴድሊፍት (ብረትን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብረቱን ከወለል ስለምናነሳው 2 ሴንቲ ሜትር ታኮ እኛን 2 ሴንቲ ሜትር ያርቀናል፣ ክብደታችንንም ወደ ጣቶቻችን ይገፋል። እዚህ ባዶ እግር ንጉሥ ነው። ቆመው ሦስት ቦታ ይፈልጉ፦ ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ሥር። ሦስቱም ወለሉን እኩል ሲይዙ ብቻ ብረቱን ይንኩ። በጫማ ውስጥ ይህን ለማስተማር አንድ ወር የሚፈጅብኝን ሰው በባዶ እግሩ በአንድ ቀን ሲገባው አይቻለሁ።

ባዶ እግር ሲነሳ አበበ ቢቂላን የማያነሳብኝ የለም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ደግሞ አሸነፈ። ሁለቱም ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። የጫማ ወገንም የባዶ እግር ወገንም በእሱ ስም መማል ይችላል፤ ስለዚህ አበበን ትተን ወለሉን እንይ።

ወለሉ ጎማ ከሆነ ጫማዎን ያውልቁ። ሴራሚክ ከሆነና ጠዋት በሳሙና ከተወለወለ በካልሲ አይሞክሩ፤ በተለይ እግር ከፍተው የሚያነሱ ከሆነ እግርዎ ወደ ጎን ይሸሻል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ባዶ እግሩን አይሥራ፤ እግሩ ሳይሰማው ሊቆስል ይችላል። ሲጨርሱ በጣቶች መሃል በደንብ ታጥቦ ይደርቅ፣ የጂም ወለል ፈንገስ ያስተላልፋል። «ብረት ቢወድቅብኝስ?» ለሚሉ፦ 20 ኪሎ ብረት ከወደቀ ሸራ ጫማም አያድንም፤ እግርዎን ከሥሩ ማራቅ ነው። ለውድድር የሚያስቡ ደግሞ ከወዲሁ ይልመዱ፤ በዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ (የስኳት፣ የቤንች ፕሬስና የዴድሊፍት ውድድር) ፌዴሬሽን ደንብ ባዶ እግር አይፈቀድም፣ የሶሉም ከፍታ ከ5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ተወዳዳሪዎች ለዴድሊፍት ስስ ነጠላ ጫማ መሰል ነገር የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት) ላይ የማይንሸራተት ይሁን እንጂ ያሻዎትን ያድርጉ።

የብረት ጫማዎን ለብረት ብቻ ይተዉት። በክረምት ጭቃ ረግጠውበት ከገቡ ሶሉ ወለል አይዝም፣ ጠጠርም ይዞ ይገባል። በላስቲክ ይዘው ይሂዱ፣ ጂም ውስጥ ይቀይሩ። በላብ ከራሰ ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ማስቲሹ ይለቃል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ጥላ ውስጥ ያሳድሩት።