የሟች ወታደር ሚስት የጡረታ ፋይል ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃሪየት ተብማንን አብዛኞቻችን የምናውቃት ሰዎችን ከባርነት በማስመለጧ ነው። እኔን ግን ልቤን የነካኝ የጡረታ ጉዳይዋ ነው። ባሏ ኔልሰን ዴቪስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ለሰሜኑ የተዋጋ ወታደር ነበር። በ1888 ሞተ። እሷ በ1890 አመለከተች፤ የተፈቀደላት በ1895 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ጦርነት የተዋጉ የሰሜን ወታደሮች ሚስቶች የጡረታ ፋይሎች ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ታሪክ የሚያጠና ወይም የሚጽፍ ሰው ሲያገላብጣቸው በቀላሉ ይሳሳታል። እኔ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

የመጀመሪያው፣ ስም ሲለያይ ሴትየዋን መጠርጠር ነው። ዴቪስ የዘመተው ኔልሰን ቻርልስ ተብሎ ነው። ሃሪየት ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር ማስረዳት ነበረባት። ከባርነት የወጡ ብዙ ሰዎች በጌቶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ነፃ ሲወጡ የራሳቸውን ስም መረጡ። ስለዚህ የስም ልዩነት ሲገጥማችሁ ውሸት ፍለጋ አትሩጡ፤ የሰውየውን ሕይወት ጠይቁ።

ሁለተኛው ከሁሉም ይከፋል። "የጋብቻ ወረቀት የላትም፤ እንግዲህ ሚስቱ አልነበረችም" ማለት። በባርነት የነበሩ ሰዎች ጋብቻ በሕግ ፊት አይታወቅም ነበር። ታዲያ ወረቀቱ ከየት ይምጣ? ለሰሜኑ ጦር ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ ሚስቶቻቸውም ይህ ግድግዳ ገጠማቸው። በ1864 የወጣ ሕግ፣ ባልና ሚስት ተባብለው ቢያንስ ሁለት ዓመት አብረው መኖራቸው ከተመሰከረ በቂ ነው አለ። በ1866 የሁለት ዓመቱ ገደብ ቀረ። ከዚያ በኋላ ማስረጃው ሰው ሆነ። አብረው በባርነት የኖሩ ጓደኞች መሰከሩ። ልጁን ያዋለደችው ሴት መሰከረች። አንዳንዴ የቀድሞው ጌታ ራሱ መጥቶ ቃሉን ሰጠ። መጻፍና ማንበብ ያወቁ ቤተሰቦች ደግሞ የልደትና የጋብቻ ቀን ያሰፈሩበትን የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ቀድደው አያይዘዋል። ያን ገጽ ቀድዶ መስጠት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ሦስተኛው፣ ሕጎቹን ማደባለቅ ነው። በ1862ቱ ሕግ ባልየው የሞተው በውትድርናው ባገኘው ቁስል ወይም በሽታ መሆን ነበረበት። የ1890ው ሕግ ይህን ተወው። ወታደሩ 90 ቀን አገልግሎ በክብር ከተሰናበተ፣ ሴትየዋም ከቀን ሥራዋ ሌላ መተዳደሪያ ከሌላት ይበቃል። ሃሪየት ያመለከተችው በዚህኛው ነው፤ የተፈቀደላት በወር 8 ዶላር ነበር። የተራ ወታደር ሚስት በ1862ም የምታገኘው ያንኑ 8 ዶላር ነው። ፋይሉ በየትኛው ሕግ እንደተከፈተ ሳታዩ "ለምን አዘገየችው?" ብላችሁ አትፍረዱ።

የደቡቡን ነገር ባጭሩ ልበል። ለደቡብ የተዋጉ ወታደሮች ሚስቶች በእነዚህ ሕጎች አልታቀፉም። ጡረታ የሰጧቸው የደቡብ ክፍላተ ግዛት ናቸው፤ ፋይላቸውም እዚያው ነው የሚፈለገው።

ቃለ መሐላውን እንደ ሴትየዋ የራሷ ንግግር መውሰድም ያሳስታል። ብዙ ጊዜ የጻፈው ጸሐፊ ወይም ጠበቃ ነው። እሷ መጻፍ ካልቻለች በፊርማ ፋንታ ከታች የመስቀል ምልክት አድርጋለች። የሕግ ቋንቋው የሱ ነው፤ የሷ ድምፅ የሚሰማው ድንገት በምታነሳው ትንሽ ነገር ላይ ነው።

የመጨረሻው ስለ ምግባር ነው። እንደገና ካገባች ጡረታው ይቋረጥና ዕድሜያቸው ከ16 በታች ወደሆነ ልጆቿ ይዞራል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሳያገቡ ከሌላ ሰው ጋር ኖሩ። በ1882 ደግሞ በግልጽ እንዲህ የምትኖር ሴት ጡረታዋ ይቁም ተባለ። መርማሪዎች ጎረቤት ለጎረቤት እየዞሩ ማን ቤቷ እንደሚያድር ጠየቁ። "ከእገሌ ጋር ትኖራለች" የሚል ምስክርነት ስታገኙ፣ እሱን ከማመናችሁ በፊት ገጹን ገልብጣችሁ ስንት ልጅ እንደምታሳድግ እዩ።