ኡቡንቱ አልሻሻል ሲል፣ ፎንቱም ሲጠፋ

በድሬዳዋ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት) የተጫነበት ኮምፒውተር ሲያስቸግር ቶሎ የሚታሰበው ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት፣ መብራት ወይም የፎንት ፈቃድ ነው።

ምልክት፦ ማሻሻያው የፓኬጆቹን (የሚጫኑ ፕሮግራሞችና ፎንቶች ጥቅሎች) ዝርዝር «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ አልቀበልም ይላል

ዝርዝሩ የወጣበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት፣ በዲጂታል ፊርማ ተረጋግጦ ይመጣል። የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ አዲሱ ዝርዝር ገና ያልወጣ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ዋናው መንስኤ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ የሞላ ሰው ማሽኑን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ድረ ገጾችም ማስጠንቀቂያ ስለሚያወጡ ስህተቱ ቶሎ ይታወቃል። አስቸጋሪው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ብሎ መሙላት ነው። የሚጎድለው ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ ዝርዝሩ ትናንት የወጣ ከሆነ ማሻሻያው ይሠራል፤ ዛሬ ጠዋት የወጣ ከሆነ ይቆማል። ሰውም ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ፣ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጉና ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ፍቀዱ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባትሪ አልቋል። ሳንቲም የሚያህለው፣ ብዙ ጊዜ 2032 የሚል ቁጥር ያለበት ነው። ገመዱን ነቅላችሁ ለውጡት።

ምልክት፦ «ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» ይላል

አውቶማቲክ ማሻሻያው ከጀርባ እየሠራ ነው፤ ጠብቁት። የመቆለፊያውን ፋይል ሰርዙ የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ሁለት ፕሮግራሞች የፓኬጆቹን መዝገብ በአንድ ጊዜ ከጻፉበት መዝገቡ ይበላሻል።

ምልክት፦ ረጅም የእንግሊዝኛ ውል ወጥቶ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል፤ ማውሱም አይሰማም

ይህ ታይምስ ኒው ሮማንንና ኤሪያልን የሚያመጣው ፓኬጅ ነው። ማይክሮሶፍት እነዚህን ፎንቶች ለድረ ገጾች ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በነጻ ሲያድል ቆይቶ በ2002 አቆመ። ፈቃዱ ፋይሎቹ ሳይነኩ እንዳሉ እንዲተላለፉ ብቻ ስለሚፈቅድ ኡቡንቱ ፎንቶቹን በፓኬጁ ውስጥ አያስቀምጥም፤ ውሉን አስነብቦ ስትስማሙ ከኢንተርኔት ያወርዳቸዋል። ስለዚህ ማሽኑ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው። ታብን ተጫኑ፣ ምርጫው ቀለም ሲለውጥ ኢንተርን፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ «አዎ» በሉ።

መስኮቱን ዘግታችሁት ወይም መብራት ጠፍቶ ከሆነ ፓኬጁ በግማሽ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማሻሻያም አይሄድም። የስህተት መልእክቱ ግን መግባት ያለበትን ትዕዛዝ ራሱ ይጽፍላችኋል። እንዳለ ቀድታችሁ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚገባበት መስኮት) ላይ አስገቡት፤ ውሉ ተመልሶ ይመጣል። ኢንተርኔት መሃል ላይ ተቋርጦ ከሆነ ፓኬጆችን በሚጭነው ፕሮግራም፣ በሲናፕቲክ፣ ፓኬጁን እንደገና ጫኑት። በዚህ ፓኬጅ ውስጥ የግዕዝ ፊደል እንደሌለ ግን ልብ በሉ።

ምልክት፦ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሲከፈት ጽሑፉ ይገፋል፣ ፊርማውና ማኅተሙ ብቻቸውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወርዳሉ

ደብዳቤውን በምትከፍቱበት የጽሕፈት ፕሮግራም፣ በሊብረኦፊስ ላይ የፎንቱን ስም ተመልከቱ። ስሙ በሰያፍ ከተጻፈ ፎንቱ ማሽናችሁ ላይ የለም። በአማርኛ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ኒያላ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው። ከጎረቤት ኮምፒውተር በፍላሽ መቅዳቱ ቀላል ቢሆንም ፈቃዱ ከዊንዶውሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ወደ ኡቡንቱ መውሰድን አይፈቅድም። ከ200 በላይ ፊደላት አንድ በአንድ የተሳሉበት ሥራ ነው፤ በፊደል የምንተዳደር ሰዎች ይህን ድካም ልናከብር ይገባል።

ደግሞም መቸገር የለብንም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ለንግድ ሥራ መጠቀም፣ በቤቱ ባሉ ማሽኖች ሁሉ መጫን፣ ለደንበኛ መስጠትም ይቻላል፤ የተከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። ከሲናፕቲክ ስትጭኗቸው ከሌላው ጋር አብረው ይሻሻላሉ። ከዚያ በሊብረኦፊስ የፎንት መተኪያ ሠንጠረዥ ኒያላን በአቢሲኒካ ተኩ። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ ከማተማችሁ በፊት የገጾቹን መጨረሻ አንድ በአንድ እዩ። ደብዳቤው የሚታተም ብቻ ከሆነ ላኪውን በፒዲኤፍ ጠይቁት፤ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይመጣል።

ምልክት፦ የቆየ ሰነድ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል

እዚህ አዲስ ፎንት መጫን አይረዳም። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ለውጡትና ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቦቹን ከታተመ ቅጂ ጋር አመሳክሩ። እርማቱ እስኪያልቅ ዋናውን ፋይል አትሰርዙ።