አዲስ መኪና እንዴት እንደሚለመድ፦ ለውጥ ለሚከብዳቸው አሽከርካሪዎች

መኪና የቀየረ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ይባላል እንጂ «እንዴት ይዞሃል» ተብሎ አይጠየቅም። አዲስ መኪና ገዝቶ የሚከፋው ሰው ይኖራል ብሎ የሚገምት የለምና። እኔ በአዳማ ከተማ አንዲት ኮሮላ 17 ዓመት ካሽከረከርኩ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ስዛወር፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳለፍኩት እጅና እግሬ የሌላ ሰው የሆኑ ያህል እየተሰማኝ ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ይህንን ሽግግር የሚያደርገው ስለመረጠው ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚገባው መኪና ኤሌክትሪክ ስለሆነ ጭምር ነው። ይህ ጽሑፍ ለውጥ በተፈጥሮው ለሚከብደው፣ ዕቃው ከቦታው ሲነሳ ለሚረበሸው፣ የለመደው መንገድ ሲዘጋበት ቀኑን ሙሉ ለሚጨነቀው ሰው የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ መረዳት የሚያስፈልገው፣ መንዳትን የሚያውቀው ጭንቅላት ብቻ አለመሆኑን ነው። ለዓመታት የነዳ ሰው ፍሪሲዮን መርገጡን አያስበውም፤ እግሩ ራሱ ይረግጠዋል። ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ የሚነግረው የሞተሩ ድምፅ ነው፤ ጆሮው ሲሰማ እጁ ይታዘዛል። የመኪናው ስፋት ትከሻው ላይ አለ፤ በጠባብ በር ሲገባ ለክቶ ሳይሆን ተሰምቶት ነው የሚያልፈው። አዲሱ መኪና በመጣበት ቀን ይህ ሁሉ እውቀት በአንድ ጊዜ ሥራ ይፈታል፤ ሰውዬውም ሃያ ዓመት የነዳ ሆኖ ሳለ እንደ ጀማሪ ይንቀጠቀጣል። የዚህ ምክንያቱ ስንፍና ወይም እርጅና አይደለም። ስለዚህ መልመድ ማለት ልምዶችን አንድ በአንድ ማዛወር፣ የተዛወረው እስኪጸና ድረስም የቀሩትን ነገሮች በተቻለ መጠን እንደነበሩ ማቆየት ነው።

ሥራው የሚጀመረው አሮጌው መኪና ከግቢ ሳይወጣ ነው። ከተቻለ ሁለቱ መኪኖች ለአንድ ሳምንት ያህል አብረው ይቆዩ፤ ካልተቻለም ከመሸጡ በፊት የውስጡን ፎቶግራፍ ያንሱ፤ የትኛው ዕቃ የት እንደነበረ በግልጽ ይታይ። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ዕቃ መርጠው ወደ አዲሱ መኪና በዚያው ቦታቸው ያዛውሩ። እኔ ያዛወርኩት መስታወት የምጠርግበትን ጨርቅ፣ በሩ ኪስ ውስጥ የሚቀመጠውን የእጅ ባትሪና የወንበሩን ልብስ ነበር። የወንበሩ ልብስ በልኩ ባይሆንም ጀርባዬ የሚያውቀው እሱን ስለነበር ለሁለት ወር አልቀየርኩትም። መልካም ሽታ ለመስጠት ተብሎ የሚንጠለጠለውንም ነገር ለጊዜው ይተዉት፤ አዲስ መኪና የራሱ ሽታ አለውና ሌላ እንግዳ ሽታ መጨመር አያስፈልግም። ሽያጩን በተመለከተ ደግሞ የስም ዝውውሩ በውክልና ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አጥብቄ እመክራለሁ። ሊብሬው በስምዎ እስካለ ድረስ ሐሳብዎ ከአሮጌው መኪና አይለቅም፤ ሌላ ሰው ባደረሰው አደጋ ሊጠየቁ የሚችሉ መሆኑም ተጨማሪ ጭንቀት ነው።

አዲሱ መኪና ሲመጣ ወዲያው ይዘውት አይውጡ። ሻጮች መኪናውን ሲያስረክቡ ሁሉንም ነገር በአንድ ሰዓት ለማሳየት ይሞክራሉ፤ ለውጥ ለሚከብደው ሰው ይህ አካሄድ ትክክል አይመስለኝም። ቢያንስ ሦስት ምሽት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ውስጡ ይቀመጡ። በመጀመሪያው ምሽት ወንበሩን፣ መሪውንና ስፖኪዮዎቹን ብቻ ያስተካክሉ። በአሮጌው መኪና ስንት ጣት ያህል ወደ መሪው ቀርበው ይቀመጡ እንደነበር አስቀድመው ለክተው ከሆነ በእጅጉ ይረዳዎታል። በሁለተኛው ምሽት ዓይንዎን ጨፍነው ፍሬቻውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የፊት መብራቱንና ክላክሱን በእጅዎ ይፈልጉ። በአንዳንድ መኪኖች ፍሬቻውና መጥረጊያው ቦታ ስለሚለዋወጡ፣ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ መስታወቱን በደረቁ መጥረግ የተለመደ ነው። ዓይን ጨፍኖ ሃያ ጊዜ መሞከር መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ከመደናገጥ ያድናል። ሦስተኛው ምሽት ለስክሪኑ ይሁን።

ስክሪኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለቻይና ገበያ ተሠርተው ወደ እኛ ከሚመጡት መኪኖች መካከል ስክሪናቸው በቻይንኛ ብቻ የሚያነብ አሉ። ቋንቋው ሊቀየር የሚችል መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት ዓይንዎ እያየ እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ። ካልተቀየረም ተስፋ አይቁረጡ፤ በየቀኑ የሚያስፈልጉት አምስት ወይም ስድስት ምልክቶች ብቻ ናቸው። እነሱን በወረቀት ላይ ሥለው ከጎናቸው በአማርኛ ይጻፉ። በዚሁ ወረቀት ላይ የመነሻና የማቆሚያ ቅደም ተከተልም ይስፈር፦ ቀበቶ ማሰር፣ ፍሬን መርገጥ፣ ማስነሻውን መጫን፣ «ሬዲ» የሚለው ምልክት መብራቱን ማየት፣ ከዚያ ወደ «ዲ» (ወደ ፊት መሄጃው) ማስገባት፤ ሲያቆሙ ደግሞ ወደ «ፒ» (ማቆሚያው) ማስገባት፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ማጥፋት፣ ከወረዱ በኋላ መቆለፉን ማረጋገጥ። የማቆሚያው ክፍል በተለይ ሊናቅ አይገባም። በነዳጅ መኪና ሞተሩ ካልጠፋ ድምፁ ያስታውሰናል፤ ቁልፉን መንቀልም ሥራው ማለቁን ለእጃችን ይነግረዋል። ኤሌክትሪኩ ግን ዝም ብሎ ቆሞ ለመሄድ ዝግጁ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ሕፃን ልጅ ውስጡ ትቶ መውረድ አደገኛ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው የግራ እግር ነው። በሁለተኛው ሳምንት እዚሁ አዳማ ወደ ፍራንኮ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ስሄድ ከፊቴ የነበረው ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቆመ። ቀኝ እግሬ ፍሬኑን በልኩ ረገጠ፤ ግራ እግሬ ግን ፍሪሲዮን ፍለጋ ተወርውሮ እዚያው ሰፊ ፔዳል ላይ ዐረፈ፤ ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ እንደሚረገጠውም አድርጎ ረገጠው። መኪናው ባለበት ተተከለ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነበርና ወርጄ ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመነሳቴ በፊት የግራ ተረከዜን ወደ ወንበሩ ሥር ሳብ አድርጌ «ግራ እግር ያርፋል» ብዬ በድምፅ እናገራለሁ። በድምፅ መናገሩ ልጅነት ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም ለአካል የሚሰጥ ትእዛዝ በጆሮ ሲገባ ይበልጥ ይጸናል። በቤት ውስጥ ሌላ ማኑዋል መኪና ካለም ቢያንስ ለአንድ ወር አይንኩት፤ ሁለቱን እያፈራረቁ የሚነዱ ከሆነ ግራ እግር የትኛውንም አይለምድም።

ሁለተኛው እንግዳ ነገር መኪናው እግር ሲነሳለት ራሱን መያዙ ነው። «ቤንዚን መስጫ» ስንለው ከኖርነው ፔዳል ላይ እግር ሲነሳ ሞተሩ ወደ ኃይል ማመንጫነት ይለወጥና የመኪናውን ፍጥነት እየወሰደ ባትሪውን ይሞላል፤ አሽከርካሪው ግን ፍሬን የተያዘበት ያህል ይሰማዋል። በአብዛኞቹ መኪኖች የዚህን መጠን መቀነስ ስለሚቻል፣ በመጀመሪያው ወር ዝቅተኛው ላይ አድርገው ይንዱ፤ በኋላ በደረጃ ይጨምሩ። ባትሪው ሙሉ በሆነ ጊዜ መኪናው የሚመነጨውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስለማይኖረው ይህ መያዝ ሊላላ እንደሚችልም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ትናንት የለመዱት ነገር ዛሬ ጠዋት ሲለወጥ የሚደነግጥ ሰው ምክንያቱን ካወቀ ድንጋጤው ይቀንስለታል።

የድምፁ አለመኖር ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ፍጥነትን በጆሮ ሳይሆን በዓይን መቆጣጠር ነው፤ በከተማ ውስጥ 40 የሄዱ መስሎዎት 65 ላይ ራስዎን ሊያገኙት ይችላሉ። ሁለተኛው ሌሎች እንደማይሰሙዎት ማሰብ ነው። በገበያ አካባቢ እግረኛው፣ ባለ ጋሪውና ከኋላ ሳያይ የሚታጠፈው ባጃጅ መኪና መምጣቱን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበርና፣ በእነሱ አጠገብ እጅግ ቀስ ብሎ ማለፍ ይገባል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈሩ ዕለት ከግቢው ወጥተን የተወሰነ መንገድ ከሄድን በኋላ «ልጄ፣ ሞተሩን አታስነሳውም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

መንገዱን በተመለከተ አዲስ መኪናን በአዲስ መንገድ መልመድ አይገባም። መኪናው እንግዳ ሲሆን መንገዱ የሚታወቅ መሆን አለበት። በእሑድ ማለዳ ከተማው ጸጥ ባለበት ሰዓት ይጀምሩ፤ ሁልጊዜ በሚሄዱበት መንገድ፣ ሁልጊዜ በሚያቆሙበት ቦታ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ወንጂ የሚወስደው መንገድ አጭር በመሆኑ ለልምምድ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ደርሶ ቡና ጠጥቶ መመለስ ይበቃል። ማታ መንዳትና ዝናብ ላይ መንዳት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ለውጦች ስለሆኑ ሁለቱ በአንድ ቀን አይጋጠሙብዎ።

ባትሪ መሙላት ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ከነዳጅ ሰልፍ የመጣ ልማድ ስላለን ይመስለኛል፤ ያገኘነውን ቀን ሞልተን መያዝን ተምረናል። የኤሌክትሪክ መኪና አሠራር ከዚህ ይለያል። ከተራ የቤት ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚገባ፣ ሌሊቱን ለ10 ሰዓት ያህል ተሰክቶ ቢያድር ለ100 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚበቃ ኃይል ያገኛል፤ በአዳማ ውስጥ የሚውል ሰው ይህንን በአንድ ቀን አይጨርሰውም። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ በዚህ ሶኬት መሙላት ግን ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በየምሽቱ ጥቂት መጨመር፣ መብራት ሲጠፋም ከትናንቱ በተረፈው መንዳት የተሻለ ነው። በኤክስቴንሽን ገመድ አይሰኩ፤ ለብዙ ሰዓታት የሚያልፈው ኃይል ገመዱን ያግለዋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ባለሙያ ጠርተው ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ከነብሬከሩና ከግራውንዱ ያስዘርጉ። እኔ የሰዓቱን ልማድም አብሬ አዛውሬዋለሁ፤ ድሮ ማታ በሩን ስቆልፍ የመኪናዋን ጎማ አይ ነበር፣ አሁን በዚያው ሰዓት ቻርጀሩን እሰካለሁ።

በቤተሰብ ውስጥ ከአሽከርካሪው ይልቅ ለውጡ የሚከብደው ተሳፋሪ ሊኖር ይችላል። የ9 ዓመት ልጃችን የነገሮች ቦታ ሲቀየር እጅግ የሚጨነቅ ልጅ ነው። በኮሮላዋ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ የመስታወቱን ማዞሪያ እጀታ ግማሽ ዙር ወደ ታች፣ ግማሽ ዙር ወደ ላይ እያደረገ ይሄድ ነበር፤ መስታወቱ አይከፈትም፣ አይዘጋም፣ እሱ ግን ይረጋጋል። በአዲሱ መኪና በር ላይ ያለው መጫኛ ቁልፍ ብቻ ነው። ልጁ በሩን ካየ በኋላ አልገባም ብሎ አለቀሰ። እኛም አላስገደድነውም። ለአራት ቀን የቆመውን መኪና በውጭ እየዞረ ሲያይ ከረመ፤ ከዚያ በሩ ክፍት ሆኖ ገብቶ ተቀመጠ፤ ባለቤቴም ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ከሚሸጡበት የዚያን ዓይነት እጀታ ገዝታ አመጣችለት። ጥቁር ነው፣ ጫፉ ላይ የሚሽከረከር ድቡልቡል መያዣ አለው። ልጁ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዞረዋል። የመጀመሪያው ጉዞአችን እስከ ጎረቤት ሱቅ ሲሆን፣ ቀጣዩ ወደሚወዳት አክስቱ ቤት ነበር። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ማሳየት፣ የሚሄዱበትን ቦታና የሚመለሱበትን ሰዓት መንገር፣ የመቀመጫውን ቦታ አለመቀየር ይረዳል። የተነገረውን ሰዓት ማክበርም ግዴታ ነው፤ አንድ ጊዜ ከዋሹት መኪናውንም አያምነውም።

ረጅሙን ጉዞ ለመጨረሻ ያቆዩት። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዳማ በ1,700 ሜትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ጉዞው በአመዛኙ ዳገት ነው። ስለዚህ ሲሄዱ የባትሪው መቶኛ ከጠበቁት ፈጥኖ ይወርዳል፣ ሲመለሱ ግን ቀስ ይላል። ይህንን ያላወቀ ሰው ሞጆ ሳይደርስ ባትሪው የተበላሸ ይመስለዋል። በ120 መሄድም በ90 ከመሄድ እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈጃል፤ የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ይልቅ በላቀ መጠን ስለሚጨምር ነው። ንፋሱ ከፊት በሚመጣበት ቀን ደግሞ ይህ ይብሳል፤ በከተማችን ዙሪያ ያሉት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ ሁሉ አንድ ትንሽ ደብተር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ጉዞ ቀኑን፣ የሄዱበትን ቦታ፣ ሲነሱ የነበረውንና ሲደርሱ የቀረውን መቶኛ ይጻፉ። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው የአዲስ አበባ ጉዞ «ሲነሳ 92፣ ሲደርስ 58» ይላል፤ በሚቀጥለው መስመር የመልሱ ጉዞ ከ58 ተነስቶ 37 ላይ አዳማ ገብቷል። ሃያ መስመር ያህል ሲሞላ፣ የሚሄዱበትን ቦታ ከመነሳትዎ በፊት በምን ያህል እንደሚደርሱ ገምተው ከመስመሩ ዳር ይጻፉና ሲመለሱ ያስተያዩት።