ስለ ሐዘን የጻፋችሁትን አጭር የሳይንስ ልብወለድ እንዴት ታሳትማላችሁ?

የመጀመሪያ ታሪኬን የጻፍኩት የእናቴ አርባ በወጣበት ሳምንት ነው።

ከሐዘን ሥርዓታችን አንዱን ብቻ ምረጡ። እኔ መርዶን መረጥኩ። ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ በር የሚያንኳኳው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው። ከዚያ አንድ የሳይንስ እውነታ አምጡና ሥርዓቱን ይፈትነው። ከምድር ማርስ መልእክት ለመድረስ እንደየርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። መርዶ ነጋሪው ተናግሮ ሲጨርስ እዚያ ያለችው ልጅ ገና እየሳቀች ነው። ጩኸቷ እስኪመለስ ደግሞ ሌላ ያን ያህል ደቂቃ። ማን ያቅፋታል? ታሪኩ እዚህ ጋ ነው። የሮኬቱን ሞተር ማብራራት አያስፈልግም።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «በጣም አዘነች» የሚል ካለ ሰርዙት።

ከባዱ ነገር አለመቸኮል ነው። እኔ ጽፌ በጨረስኩበት ሌሊት ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ያነበበው ሁሉ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። አጽናንተውኛል፤ ግን እንደ ታሪክ ያነበበው ሰው አልነበረም። ከወራት በኋላ ለአንድ መጽሔት ስልከው «ቀድሞ የወጣ ሥራ አንቀበልም» አሉኝ። በጣም አለቀስኩ።

ብዙ መጽሔቶች የሚፈልጉት በመጀመሪያ የማተም መብትን ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ ቻናል ወይም ፌስቡክ ላይ የወጣ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንደታተመ ይቆጠራል። ስለዚህ በውስጥ መስመር ለሁለት ሰው ብቻ አሳዩ። አንዱ ሟቹን ጭራሽ የማያውቅ ይሁን። እሱ ካላዘነ ታሪኩ ገና ነው።

በእንግሊዝኛ የምትልኩ ከሆነ ኦሜናና የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካውያንን ምናባዊ ታሪኮች ያወጣል። ክላርክስወርልድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከየትም አገር ይቀበላል፤ ግን እዚያ የላካችሁትን መልስ ሳይመጣ ሌላ ቦታ መላክ አይቻልም። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) የተጻፉ ታሪኮች ስላጥለቀለቁት ለጊዜው መቀበል አቁሞ ነበር። በማሽን ማስተርጎሙንም አልመክርም። «መርዶ»ን እንዳለ ተዉት፤ የበሩ መንኳኳት ያስረዳል።

እምቢ ካሏችሁ በማግስቱ ለሚቀጥለው ላኩ።

እኔ የእናቴ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ከድሮው የቀሩት መርዶውና ማርስ ብቻ ናቸው። አሁን መልእክቱ መጀመሪያ ለልጅቷ ባልደረቦች ይደርሳል። ማለዳ ተሰብስበው በሯን ያንኳኳሉ። ትናንት ላክሁት።