የተደባለቀ መኖ ሲለያይ፦ ከማደባለቂያው እስከ መመገቢያው

በቢሾፍቱና በአካባቢዋ ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች በብዛት የሚቀርበው ተፈጭቶ የተደባለቀ እንጂ በፔሌት (በትናንሽ እንክብል) መልክ የተጨመቀ መኖ አይደለም። በአንድ ጆንያ ውስጥ የበቆሎ ክክ፣ የኑግና የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ የኖራ ድንጋይና የቫይታሚን ፕሪሚክስ (በትንሽ መጠን የሚጨመር ቅድመ ድብልቅ) በመጠንም በክብደትም እየተለያዩ ስለሚጓዙ፣ ምርት ሲቀንስ ቀመሩን ከመለወጥ በፊት መኖው በጉዞ ላይ ተለያይቶ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ምልክት፦ በአንድ ቤት ካሉት ዶሮዎች ከፊሎቹ ብቻ ስስ ቅርፊት ያለው እንቁላል ይጥላሉ።

ሙቀት፣ እድሜና በሽታም ቅርፊት ያሳሳሉ፤ ይሁንና ችግሩ በመመገቢያው ረድፍ አንድ ጫፍ ላይ ከበረታ ጥርጣሬው ወደ መኖው ያዘነብላል። መኪናው በኮረኮንች መንገድ ሲናጥ ደቃቁ በክኩ መካከል እየሾለከ ወደ ጆንያው ግርጌ ይወርዳል፤ ከላይ እየተጨለፈ ሲታደልም የመጀመሪያዎቹ መመገቢያዎች ክኩን፣ የመጨረሻዎቹ ዱቄቱን ይወስዳሉ። ለማረጋገጥ ዶሮዎቹ ሳይነኩት ከረድፉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ እኩል መጠን ያለው ናሙና ወስዶ በአንድ ወንፊት መንፋትና ያለፈውን ዱቄት መመዘን በቂ ነው። ልዩነት ከታየ ጆንያውን በሙሉ በንጹሕ ሸራ ላይ ገልብጦ በአካፋ ዳግም ማደባለቅ፣ መኖው ከከፍታ የሚወርድበትን ቦታ መቀነስ፣ በማደባለቂያው ውስጥም ከ1 እስከ 2 በመቶ የምግብ ዘይት መጨመር ይረዳል፤ ዘይቱ ዱቄቱን ከክኩ ጋር ያጣብቀዋል። ከማደባለቂያው እንደወጣ የተወሰደው ናሙና ራሱ የተዛባ ከሆነ ግን ጥፋቱ የመንገዱ ሳይሆን የማደባለቂያው ነው።

ምልክት፦ ከመመገቢያው ሥር ዱቄት እየተጠራቀመ ይቀራል፣ የዶሮዎቹም ክብደት ይለያያል።

ዶሮ ለመንቁሯ የሚመቸውን ክክ ትመርጣለች፤ ጉልበተኞቹ ቀድመው ክኩን ሲጨርሱ ደካሞቹ ዱቄቱን ይወርሳሉ። ዱቄቱ እንደ ጥርጊ ተቆጥሮ የሚጣልባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፣ ምክንያቱም ፕሪሚክሱ፣ እንዲሁም ሜቲዮኒንና ላይሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) በብዛት የሚገኙት እዚያው ነው። መፍትሄው መመገቢያውን እስከ አንድ ሦስተኛው ብቻ መሙላትና በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለይ ቀትር አካባቢ፣ ዶሮዎቹ ጠርገው እስኪበሉት ድረስ አዲስ መኖ ሳይጨምሩ መቆየት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ባዶ መተው ግን አይገባም። ክኩ ከልክ በላይ ትልቅ ሆኖ ከተገኘ የወፍጮው ወንፊት ተቀዶ ወይም መዶሻዎቹ አልቀው እንደሆነ ይታይ። ሁሉንም ማላምም መፍትሄ አይደለም፤ የላመ መኖ መንቁር ላይ ይጣበቃል፣ የጨጓራ ጡንቻንም ያሰንፋል።

የኖራ ድንጋዩ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር በጨጓራ ውስጥ ቀስ እያለ እየሟሟ ካልሲየም ያቀርባል፤ ጠጠሩ በጆንያ ውስጥ በቀላሉ ስለሚለይም፣ ከቀመሩ ድርሻ ተቀንሶ ከሰዓት በኋላ በመኖው ላይ በእጅ ቢበተን ይሻላል።

ምልክት፦ የሥጋ ዶሮ ፔሌት ዱቄት ሆኖ ይደርሳል።

መንስኤው ደካማ ጭመቃ፣ ደጋግሞ መጫንና ማራገፍ፣ ወይም ጆንያውን መወርወር ነው። ርክክቡን መቀነስና የዱቄቱን መጠን በየጭነቱ እየመዘኑ ለአቅራቢው ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ መኖው ይሸታል ወይም ይጓጉላል።

ይህ የእርጥበት ውጤት ነው። ጆንያዎቹ ከግድግዳ ርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደሩ፣ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይውጣ። የሻገተውን ግን ከደህናው ጋር ቀላቅሎ መመገብ የሻጋታውን መርዝ ስለማያጠፋው ማስወገድ ግድ ነው።