በ32ኛው ሰከንድ የሚቋረጠው ስልክ

ደብረ ብርሃን ካለው ዋናው መሥሪያ ቤታችን እስከ ሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ አስተሪስክ በተባለ የስልክ ሰርቨር ሶፍትዌር የሚሠራ የኢንተርኔት ስልክ ዘረጋን። ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፤ ልክ 32 ሰከንድ ሲሞላ ግን ጭጭ። የመጋዘን ኃላፊዋ «ሰላምታ ሳንጨርስ ይቆረጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር ሰላምታ በ32 ሰከንድ አያልቅም።

ገመድ ቀየርኩ፣ የስልኮቹን ሶፍትዌር አደስኩ፣ የመስመሩን ፍጥነት ለካሁ። ሦስት ቀን በከንቱ አለፈ።

በአራተኛው ቀን ሰርቨሩ የሚልከውንና የሚቀበለውን ዋየርሻርክ በተባለ የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም አየሁ። «200 ኦኬ» የሚለውን፣ ስልኩ መነሳቱን የሚናገር መልስ ደጋግሞ ይልካል፤ «ኤሲኬ» የተባለው ማረጋገጫ ግን አይደርሰውም። ሲፕ በተባለው የኢንተርኔት ጥሪ ደንብ ማረጋገጫውን የሚጠብቀው 64 ጊዜ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ካልመጣ ጥሪውን ይዘጋል፤ 32 ሰከንዱ ከዚህ መጣ። የቅርንጫፉ ራውተር ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የተባለ፣ የሲፕ መልእክቶችን እየከፈተ የሚያስተካክል አገልግሎት በርቶ በመልእክቶቹ ውስጥ ያለውን አድራሻ ያበላሽ ነበር፤ ማረጋገጫው ሰርቨሩ ጋ የማይደርሰውም ለዚህ ነው። አጠፋሁት፤ ስልኮቹንም አጥፍቼ አበራሁ። ኃላፊዋ ደውለው ሃያ ደቂቃ አወሩኝ።